በቅጹ ላይ ያልነበረ ዓምድ

ባሕር ዳር፤ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

«ለመሆኑ ቅጠል መቁጠር ለሰው ምን ይፈይድለታል?»

እቴቴ አገርነሽ፣ የላኩልኝን ጥያቄ ከሰላምታ አስቀድሜ የጻፍሁት ተቀይሜ እንዳይመስልዎ። አባቴም ይህንኑ ይጠይቀኛል። ፋብሪካ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች «ልጅህ አራት ዓመት አዲስ አበባ ተምራ መጥታ ሣር መዝጋቢ ሆነች አሉ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም ቤት ሲገባ ቀልዱን እኔ ላይ ያራግፈዋል።

አሁን ሰላምታዬን ልበል። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ላሟስ ወለደች? ይፋግ ዘንድሮ እህሉ አልከፋም ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ሥራዬ እንዲህ ነው። እርስዎና እናቴ ልጃገረድ ሳላችሁ ልብስ ታጥቡበት የነበረውን ጅረት ያስታውሱታል፤ ሐይቁ ውስጥ የሚገባውን። ከዚያ ጅረት ተነሥቼ ዳር ዳሩን ይዤ እስከ ሚካኤል ግርጌ ድረስ የበቀለውን ሁሉ በየስሙ እመዘግባለሁ። የእርሻ ጽሕፈት ቤታችን ዳሩን በሁለት ዙር አስመንጥሮ ለኅብረት ሥራ ማኅበር የአትክልት ማሳ ሊያደርገው ነው፤ መጀመሪያ የጅረቱን በኩል፣ ቀጥሎ የሚካኤል ግርጌን። በጭፍን እንዳይቆረጥ ደግሞ ቅጽ አለ። ቅጹ ስለ እያንዳንዱ ተክል አራት ነገር ይጠይቃል፦ ለግንባታ ይሆናል? ለማገዶ ይሆናል? ለምግብ ይሆናል? ለመኖ ይሆናል? መጨረሻው ዓምድ «ውሳኔ» ይላል፤ እዚያ ላይ «ይቆይ» ወይም «ይነሣ» ብዬ እፈርማለሁ። እኔ ነኝ የምፈርመው፣ እቴቴ! በሃያ ሦስት ዓመቴ! እስካሁን መቶ አሥራ ሰባት ዓይነት ደርሻለሁ፤ ጫማዬ በጭቃ አልቋል፣ አንገቴ በፀሐይ ተልጧል፣ ግን ማታ ደብተሬን ስገልጥ ደስታው እንቅልፍ ይነሣኛል። መልሱም ይኸው፤ ቅጠል የሚቆጠረው የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው ለይቶ አገሩን ለማብላት ነው።

አደራ ብለው የሰጡኝ ልጅዎ አደይ ደህና ናት። ስድስተኛ ክፍል ከብዷት እንዳይሆን ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን በሒሳብ ሦስተኛ ወጣች። ከዚህ ሥር በገዛ እጇ ትጽፍልዎታለች።

አንድ ነገር እንዳይቀየሙኝ። የላኩትን የእንዶድ ጆንያ በእህል ነጋዴው በቢያዝን መኪና መልሼዋለሁ። እዚህ ሳሙና አለ። እንዶዱ ሲወቀጥ ደግሞ ግቢው ሁሉ ያስነጥሳል፤ ጎረቤት «ከየት አገር መጣችሁ?» ይለናል።

ልጅዎ የብርጓል

እማዬ እኔ ደህና ነኝ። ሦስተኛ ወጣሁ። አንደኛዋ መነጽር ስላላት ነው። አደይ።


ይፋግ፤ ታኅሣሥ 6 ቀን 1975

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለየብርጓል።

ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ። መሠረተ ትምህርት ያስተማረችኝ ልጅ ስምንት ወር ብቻ ነው የቆየችው፤ የቀረውን እኔው ነኝ የጨረስሁት። ጉልበቴ ያው ነው። ላሟ ወንድ ጥጃ ወለደች።

ጆንያው ደርሶኛል። አፉ እንኳ አልተፈታም። ፍሬውን በዘለላው ለቅሜ፣ አድርቄ፣ ገለባውን አበጥሬ የላክሁትን አንቺ እንደ ተሳሳተ ዕቃ መለስሽው። ሰው ያስነጥሳል አልሽ። ያስነጥስ! ያስነጠሰው ሰው «ይማርሽ» ይባላል እንጂ አገርሽ ወዴት ነው አይባልም።

ያንን ጅረት አውቀዋለሁ። ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ድንጋዩ ሁሉ በሴት ይሞላ ነበር። ከዳሩ ካለው እንዶድ እየቆረጥን፣ እዚያው ድንጋይ ላይ እየወቀጥን፣ ነጠላው ሲነጣ ዓይን ይወጋ ነበር። ከብት ከላይ ነበር የምናጠጣ፤ ከታች የጠጣ ከብት ሆዱን ይታመማል። ዓሣም ከታች ይሰክርና ይንሳፈፋል። አረፋው በሚወርድበት ውሃ ግን አልቅት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቀንድ አውጣም አይጠጋው። ቅዳሜ ልጆቹን ሁሉ እዚያ ነበር የምናጥብ። ይህን ያስተማረኝ ዘማች የለም፤ እናቶቻችን ናቸው።

ስለዚህ ልጠይቅሽ። ስለ እንዶድ በዚያ ቅጽሽ ላይ ምን አልሽ?

አደይን ሳሚልኝ። መነጽር ያላትን ልጅ ትለፋት።

አገርነሽ


ባሕር ዳር፤ ጥር 27 ቀን 1975

እቴቴ አገርነሽ፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ወረቀትም አጣሁ፣ ጊዜም አጣሁ። የመጀመሪያው ዙር ምንጠራ ባለፈው እሑድ ተከናወነ። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የቀበሌው ነዋሪ በመፈክርና በዘፈን ወጣ። ሦስት ሰዓት አልፈጀም። እኔ ዝርዝሩን ይዤ ከፊት ከፊት ነበርሁ፤ «ይህ ይቆይ፣ ይህ ይነሣ» ስል ገጀራው ይከተለኛል። አለቃችን ጓድ አስናቀ በሰው ሁሉ ፊት «እንዲህ ነው ምሁር!» አለኝ። የቲማቲም ችግኙም ገብቷል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ባለ ትልቅ ፍሬ፣ ከሩቅ የመጣ ዘር ነው።

ስለ እንዶዱ ጠይቀውኛል። ቅጹ ገቢ ስለሆነ አሁን በእጄ የለም።

ሳሙና ለጊዜው ከኅብረት ሱቅ ጠፍቷል፤ በቅርብ ይመጣል ተብሏል። አደይ ልብሷን ጅረቱ ወርዳ በውሃ ብቻ ታለቀልቃለች። የክፍሏ ልጆች ቲማቲሙን በባልዲ የማጠጣት ተራ ስለተሰጣቸው እግረ መንገዷን ከውሃው አትወጣም፤ ደስ ብሏታል፤ መዋኘት ተምራለች።

አባቴ ሰላም ብሎዎታል።

የብርጓል


ይፋግ፤ የካቲት 20 ቀን 1975

የብርጓል፣

ወረቀቱን ላኪልኝ አላልሁም። የጻፍሽውን ንገሪኝ ነው ያልሁ። ወረቀቱ ገቢ ቢሆን የጻፈው እጅ አብሮሽ አለ።

ደግሞ አደይ በዚህኛው ደብዳቤ ሥር ለምን አልጻፈችም? ዋና የቻለች ልጅ ሁለት መስመር አቃታት?

አገርነሽ


ባሕር ዳር፤ መጋቢት 28 ቀን 1975

ለተከበሩትና ለምወድዎ አክስቴ ለወይዘሮ አገርነሽ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? ላሟስ? ጥጃውስ አደገ? ጎረቤትዎ ወለተ ጊዮርጊስ እንደምን አሉ? ለእሳቸውም፣ ለልጆቻቸውም፣ በስም ለማልጠራቸው የይፋግ ዘመድ ወዳጆች ሁሉ ናፍቆቴንና ሰላምታዬን በያሉበት ያድርሱልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባቴ ደህና ነው። እናቴም ደህና ናት። አደይ ትምህርት ስለበዛባት በዚህ ጊዜ አልጻፈችም፤ ትንሽ ሆዷን አሟት ነበር፤ ለክፉ አይሰጥም። ለፋሲካ የሚሆን ነገር ካገኘሁ እልካለሁ።

መልካም የጾም ወራት ያድርግልዎ።

የብርጓል


ይፋግ፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1975

የብርጓል፣

ሰላምታሽ በዛ። ገጹን ሞልቶ ወሬው መግቢያ አጣ። ጥጃዬን ጠይቀሽ ሞተሻል! ጥጃዬን ምን አውቀሽው ነው?

ቢያዝን ትናንት እህል ጭኖ ሲመለስ ቤቴ ገባ። አንቺ ያልጻፍሽውን እሱ ነገረኝ። «ልጅሽን በራቸው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ እጇ ጭራሮ አክሏል፤ ሰላም ስላት ለመነሣት ግድግዳ ያዘች» አለኝ። የእህል ነጋዴ የሚያየውን የተማረች ዘመዴ አላየችም?

እኔ ልጄን ስሰጥሽ ፊደል ላንቺ ቅርብ ነው ብዬ ነው። ያንን ፊደል ዓይኔ እስኪጠፋ ለብቻዬ የተማርሁት ከልጄ የሚመጣውን ቃል ሰው እንዳያነብልኝ ብዬ ነው። አንቺ ታዲያ በዚያው ፊደል ዋሸሽኝ።

ምን ሆናለች? በአንድ መስመር ጻፊ። ሰላምታ አልፈልግም።


ባሕር ዳር፤ ሚያዝያ 21 ቀን 1975

እቴቴ፣

አደይን ቢልሃርዚያ ይዟታል።

አንድ መስመር ብለዋል፤ ይኸው። የቀረውን ግን ቢያነቡትም ቢቀድዱትም መጻፍ አለብኝ። ይቅርታም ብዬ አልጀምርም፤ ይቅርታን ለዘገየሁበትና ላጣሁት ወረቀት አባክኜው ለዋናው ነገር አልተረፈኝም።

ከመጋቢት መጀመሪያ ጀምሮ ሆዷን ትይዝ ነበር። ትኩሳት መጣ። ከዚያ ሽንት ቤት ደም ማየቷን ደበቀችኝ፤ እርስዎ እንዳይሰሙ ፈርታ ነው። እኔም ካወቅሁ በኋላ ደበቅሁዎ፤ እሷ በፍርሃት፣ እኔ በእፍረት። ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ላቦራቶሪ የሚሠራው አምሐ በአጉሊ መነጽሩ እያየ «ይህች ልጅ የት ነው የምትዋኘው?» አለኝ። ጅረቱን ስነግረው ቀና አለ።

«እናንተም ከዚያው ሠፈር ናችሁ?»

«ሌላም የመጣ አለ?» አልሁት።

«በዚህ ወር ዘጠነኛዋ ናት። ሁሉም የቲማቲም አጠጪ ተማሪዎች። ድሮ ከዚያ ሠፈር በዓመት አንድ ልጅ ቢመጣልኝ ነው።»

የበሽታው ትል የሚያድገው የጥፍር ያህል በሆነች የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከእሷ ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ ይገባል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ! በማግሥቱ ጅረቱ ወረድሁ። በአንድ እፍኝ ደለል ሃያ ስድስት ቀንድ አውጣ ቆጠርሁ። የኅዳር ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥሁ፤ በዚያው ቦታ፣ በራሴ እጅ፣ «ቀንድ አውጣ አልታየም» ይላል። ከዚያ እንዶዱ ገና ያልተነካበት፣ የዚያ ሠፈር ሴቶች የሚያጥቡበት ሚካኤል ግርጌ ሄድሁ። ግማሽ ቀን ፈልጌ ሁለት አገኘሁ። ሁለት ቦታ ቆጥሮ «አረጋገጥሁ» ማለት እንደማይቻል አውቃለሁ። ግን እርስዎ በታኅሣሥ «ቀንድ አውጣም አይጠጋው» ብለው ጽፈውልኛል። ደብዳቤዎን አንብቤ አጥፌ ሳጥን ውስጥ ነው የከተትሁት። እናቶች ያሉትን ዕውቀት ነው ብዬ አልቆጠርሁትም፣ እቴቴ። ከመቶ አሥራ ሰባቱ ውስጥ አላስገባሁትም።

አሁን ሁለት ጊዜ የጠየቁኝን ልመልስ። በቅጹ ላይ የጻፍሁት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «እንዶድ። ለግንባታ፦ የለም። ለማገዶ፦ የለም። ለምግብ፦ የለም፣ መርዛማ ነው። ለመኖ፦ የለም። ውሳኔ፦ ይነሣ።» ሥሩ ላይ ፊርማዬ አለ። የሚያምር ፊርማ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የተለማመድሁት። ለማጠቢያ የሚል ዓምድ አልነበረም። በጎን ልጽፍ እችል ነበር። «ሳሙና አለ» ብዬ ተውሁት፤ ሳሙናውም ይኸው ሦስት ወር ጠፋ።

ትናንት ጓድ አስናቀ ቢሮ ገባሁ። ሁለተኛውን ዙር፣ የሚካኤል ግርጌውን ዝርዝር በሰኔ 10 ስብሰባ ላይ ፈርሜ እንዳቀርብ ይጠበቅብኛል። እንደተናደድሁ ነበርሁ፤ ሳልቀመጥ ጀመርሁ።

«ይህን ዝርዝር አልፈርምም። ቅጹ ጎደሎ ነው።»

«ቅጹ እኮ ከላይ የመጣ ነው፣ የብርጓል። ከላይ የመጣ ቅጽ እንዴት ይጎድላል?»

«ዘጠኝ ልጆች ደም ይወጣቸዋል!»

«ለእሱ ጤና ጣቢያ አለ። እኛ ቲማቲም ነው የተጠየቅነው።»

«ቲማቲሙስ የታለ?»

ቲማቲሙ በመጋቢት በሁለት ሳምንት ጠቁሮ ረግፏል። አንድ ዘር ብቻ ስለነበረ አንድ በሽታ በቃው፤ ከአንዱ ግንድ ወደ አንዱ ሲሻገር የሚያግደው ሌላ ነገር በመካከል አልነበረም። እሱን ሳነሣበት ፊቱ ተለወጠ።

«ለመሆኑ አንድ ቁጥቋጦ ለአብዮቱ ምን ያበረክትለታል?» አለኝ።

«ሳሙና ከጠፋ ወዲህ ባለቤትዎ ልብስ በምን ያጥባሉ?»

«በአመድ» አለ፤ ሳያስበው አመለጠው። ሁለታችንም ልንስቅ ትንሽ ቀረን። ከዚያ ግን መሳቢያውን ስቦ የኅዳሩን ቅጽ አወጣ። በጣቱ ረድፉን እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ «የለም፣ የለም፣ የለም፣ የለም፣ ይነሣ።» ቅጹን ወደ እኔ አዞረው። «ይህ የማን እጅ ነው? እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት። አንቺ ተማርሽ። ይነሣ አልሽ፤ አነሣሁ። አሁን መጥተሽ በእኔ ትጮኺያለሽ?»

በእሱ ተናድጄ ገብቼ በራሴ ተናድጄ ወጣሁ፤ ግን ንዴቱ አልቀነሰም፤ ጨመረ እንጂ። ምክንያቱም እሱም እኔም ያላየነው አንድ ነገር አለ። እንዶዱን የቆረጠው ገጀራ አይደለም፤ «የለም» የምትለው ቃል ናት። ደንገሉንም እንዲሁ አስነሣሁት፤ የዓሣ ጫጩት ከሥሩ እንደሚሸሸግ እያወቅሁ፣ «ለዓሣ መሸሸጊያ» የሚል ዓምድ ስለሌለ። ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች አሁን ደንገል ፍለጋ ግማሽ ቀን ይጓዛሉ። በዚያ ዳር መቶ አሥራ ሰባት ዓይነት ነፍስ ያለው ነገር አንዱ ሌላውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ እኛም ተደግፈነው ነበር፤ እኔ ግን አራት ጥያቄ ብቻ ጠይቄ ሰማንያ ሁለቱን አሰናበትሁ።

አደይ ኪኒኑን ጀምራለች። አምሐ ትድናለች ይላል፤ በጊዜ ስለደረስን። እህል ትበላለች፤ ገና ትደክማለች። መጥተው ቢወስዷት መብትዎ ነው፤ አልከራከርም። ግን ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ያንን ጆንያ ይላኩልኝ።

የብርጓል


ይፋግ፤ ግንቦት 6 ቀን 1975

የብርጓል፣

ፋሲካን ያለ ልጄ ዋልሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ላይ ቀደድሁት፤ ከዚያ በገንፎ ለጠፍሁት። ልክ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ልጄ የእናቶቿን ዕውቀት ይዛ ሄዳ፣ በእናቶቿ ዕውቀት እጦት ታመመች! እንዶዱ ጆንያ ውስጥ ነበር። በርሽ ድረስ መጥቶ ነበር። አንቺ ያስነጥሳል አልሽና መለስሽው።

ወዲያው ጥቅሌን አስሬ ለቢያዝን «ነገ ይዘኸኝ ሂድ፤ ልጄን አመጣለሁ» አልሁት። በማግሥቱ ጠዋት እሱን ስጠብቅ ሁለት ሰዎች ሰሌዳ ይዘው በቤቴ በኩል ወደ ረግረጉ ወረዱ። ምን ትሠራላችሁ ብላቸው «ለሩዝ የሚመነጠረውን እንመዘግባለን» አሉኝ። ወረቀቱን አየሁት። አነበብሁት። ለግንባታ፣ ለማገዶ፣ ለምግብ፣ ለመኖ። ያው ነው! ያው ያንቺ ቅጽ!

ጥቅሌን ፈታሁ። ልጄን ከየት ወዴት ላሽሻት?

ሰዎቹን አላባረርሁም፤ ቁጭ አድርጌ እርጎ ሰጠሁና ወለተ ጊዮርጊስንና ሌሎች አምስት ሴቶች ጠራሁ። ልጆቹ እንዳንቺ ናቸው፤ ትሑት፣ ጫማቸው የቆሸሸ። አንዱ ስለ ግራዋ «የለም» ብሎ ሊጽፍ ሲል ወለተ ጊዮርጊስ እጁን ያዘችው። «የእናትህ ጋን በምን ይታጠብ ነበር? ንብስ በበጋ ምን ይቀስማል?» አለችው። ስለ ቀጠጥና ሲደርስ ደግሞ «አንተን ራስህን ሕፃን ሳለህ በዚህ ነው የጠረጉህ» ስትለው ጓደኛው እርጎው ትን አለው። እስከ እኩለ ቀን አርባ ያህል ተናገርን። ያላወቅነውም ብዙ ነበር። እኛም ሁሉን አናውቅም።

ስለዚህ ይህን ስሚኝ። የማታውቂውን ነገር «የለም» አትበይ። «አላውቅም» በይ። የለም ያልሽው ይቆረጣል። አላውቅም ያልሽው ይጠየቃል። ስምንት ወር ፊደል የቆጠርሁት እኔ ይህን አጥቼው አላውቅም፤ አራት ዓመት የተማርሽው አንቺ እንዴት ጠፋሽ?

ጆንያውን በቢያዝን ልኬዋለሁ። አልተፈታም፤ ያው ጆንያ ነው። ግማሹን ውቀጪ፣ ግማሹን ዝሪ። ሲያስነጥስሽ እኔን አስቢ።

አልማርሁሽም። ሰኔ 10 ያልፍና እናያለን። አደይም እዚያው ትቆይ። ግን በገዛ እጇ እስክትጽፍልኝ ድረስ ድናለች ብለሽ አትጻፊልኝ፤ አላምንሽም።

አገርነሽ


ባሕር ዳር፤ ግንቦት 24 ቀን 1975

እቴቴ አገርነሽ፣

ጆንያው ደረሰ። እናቴ አፉን ስትፈታው እጇን ከትታ ፍሬውን እያፈሰች «የአገርነሽ አበጣጠር» አለች። ግቢያችን ውስጥ ወቀጥነው። ጎረቤቱ ሁሉ አስነጠሰ። ቀጥሎ ግን አንድ በአንድ ልብሳቸውን በሳፋ ይዘው መጡ፤ የመጀመሪያዋ ማን እንደሆነች ብነግርዎ አያምኑኝም። የጓድ አስናቀ ባለቤት ናቸው። «በአመድ እጄ አለቀ፤ ይህን ከቆረጠው ሰው ጋር አልተኛም ብዬዋለሁ» አሉ፤ ቀልድ ይሁን እውነት አልጠየቅሁም።

የቀረውን ግማሽ ከሴቶቹ ጋር በጅረቱ ዳር ዘርተነዋል። ዝናቡን እየጠበቅን ነው። አድጎ ለወቀጣ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ለመቁረጥ ግን አንድ እሑድ በቅቶታል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የሚካኤል ግርጌውን ዝርዝር ጨርሻለሁ፤ ሰማንያ አራት ዓይነት ነው። አልፈርምም ማለቱን ትቼዋለሁ፤ ያልፈረምሁትን ሌላ ሰው ይፈርመዋል። ይልቅስ ቅጹ ላይ በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨመርሁ፤ «ሌላ ጥቅም» የሚል። ከጎኑ ደግሞ የእርስዎን ቃል አስገባሁ፤ «አላውቅም»። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የሚያጥቡትን፣ ዓሣ የሚያጠምዱትን፣ የሚካኤልን ካህናት ስጠይቅ ከረምሁ። አንድ ቄስ ለብራና ቀለም የሚገባውን ቅጠል አሳዩኝ፤ ለሃያ ዓመት ተደብቆ የኖረ ይመስል በሹክሹክታ ነው የነገሩኝ። ሠላሳ አንዱን ግን ማንም አያውቀውም። በሠላሳ አንዱ ፊት «አላውቅም፤ ይቆይ» ብዬ ፈረምሁ። ፊርማዬ እንደ ድሮው አላማረም።

ረቂቁን ያየ አንድ የበላይ ኃላፊ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎብኛል። «ከላይ የወረደን ቅጽ ያለ ፈቃድ መለወጥ» ይላል። ወደ ሩቅ ቦታ ሊያዛውሩኝ ይችላሉ። ጓድ አስናቀ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም፤ ሆኖም በሩ ላይ ሳለሁ «ስብሰባው ላይ ወረቀት ብቻ ይዘሽ አትምጪ፤ ሰው ይዘሽ ነይ» አለኝ። የሠፈሩ ሴቶች አርባ ሦስት ሆነው ሊመጡ ተማምለዋል። ያሸንፉ አያሸንፉ አላውቅም። አዩ፣ ቃሉን ለመድሁት።

እቴቴ፣ ኅዳር ላይ የጠየቁኝን አሁን ልመልስ። ቅጠል መቁጠር ለሰው ምን ይፈይዳል? ልጅዎ ደህና ሆና ውሃ ውስጥ እንድትዋኝ የሚያደርጋት ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንዳንቆርጠው ነው። የኅዳሩ መልሴ ከንቱ ነበር።

የሰማንያ አራቱን ዝርዝር ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። ከእነ ወለተ ጊዮርጊስ ጋር ሆነው የሚያውቁትን ባዶው ዓምድ ላይ ይሙሉልኝ፤ ሁለቱን የይፋግ መዝጋቢዎችም ያስፈርሙልኝ። ከዚህ በታች ያለውን ደግሞ እኔ አልነካሁትም።

የብርጓል

እማዬ፣ ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ የራሴ ነው፤ «ጸ»ዬን እያት፣ ሌላ ሰው እንዲህ አጣሞ አይጽፋትም። ድኛለሁ። ሰሞኑን ሚካኤል ግርጌ ድረስ በእግሬ ሄድሁ፤ ውሃው ውስጥ ግን አልገባሁም፤ እቴ የብርጓል ከዳር ልታስረኝ ምንም አልቀራትም። መነጽር ያላት ልጅም ታማ ነበር። አሁን ጓደኛዬ ናት።

ቁጥር ሰማንያ አራትን ያገኘኋት እኔ ነኝ። ከሚካኤል ግርጌ ድንጋይ ሥር አንድ ብቻዋን በቅላለች፤ አበባዋ ነጭ ነው፤ ቄሱም ዓሣ አጥማጁም ስሟን አያውቁም። አንዱን አበባ ወረቀቱ መካከል አድርጌ ልኬልሻለሁ፤ እንዳይወድቅ ቀስ ብለሽ ክፈቺው። ስሟን ወይም የምትጠቅመውን ካወቅሽ ጻፊልን። ካላወቅሽም «አላውቅም» ብለሽ በእጅሽ ጻፊልንና ፈርሚ። ከሰኔ 10 በፊት ይድረስልን።

አደይ